ስለ ፊት መቅላትና ከክፍል ክፍል ስለምትዞረው ቅባት

በዚህች መጽሔት ስለ አገር ጉዳይ፣ ስለ ምግብ ቤቱ ሽሮ ቅጥነትና ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ወንበር ማነስ ብዙ ተጽፏል። ስለ ፊታችን የጻፈ ግን አላጋጠመንም። በደንቡ ይህን ጽሑፍ የሕክምና ተማሪዎች ሊያቀርቡት ይገባ ነበር፤ እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ደፍረን ብዕር ያነሣነው ጉዳዩ ከእኛው መኝታ ክፍል ስለ ተነሣና በእኛው አለማወቅ ስለ ተባባሰ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእኛ ጋር በአንድ ክፍል ከሚያድሩት አንዱ የመርሳ ልጅ ነው። መርሳ፣ ለማያውቃት፣ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው ጐዳና ላይ፣ ወልዲያ ለመድረስ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር የምትገኝ የሀብሩ ወረዳ ከተማ ናት፤ በብርቱካኗና በማንጎዋ ትታወቃለች፤ ፀሐይዋም ቢሆን ከፍሬዋ አያንስም። ይህ ጓደኛችን ሁለተኛ ዓመት ሲገባ ጉንጩና አፍንጫው ይግልበት ጀመር። «ትኩስ ነገር ስጠጣ ፊቴ እሳት ይሆናል» ሲለን አናምነውም ነበር፤ ጠይም ስለ ሆነ ቅላቱ ጐልቶ አይታይምና። ቆይቶ ግን በጉንጩ ላይ ጥቃቅን እብጠቶች ወጡ። የግቢው ልጆች ያን ጊዜ «አረቄው» የሚል ስም አወጡለት። ልጁ አረቄ በአፉ ዞሮ አያውቅም።

ለዕረፍት ወደ ቤቱ ሲሄድ እናቱ «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ ጨምቀው ቀቡት። ጐረቤት ደግሞ «ሎሚ ነው መድኃኒቱ» አለ፤ መርሳ ላይ ሎሚ ቸግሮ አያውቅም። ሎሚው ፊቱን ካቃጠለው በኋላ ከአንድ መድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ አንዲት ትንሽ ቅባት ተሸጠችለት። በአምስት ቀን ውስጥ ፊቱ እንደ ሕፃን ፊት ለሰለሰ። ወደ ግቢ ሲመለስ ያቺኑ ቅባት ይዞ መጣ፤ እኛም ተአምሩን አይተን እየተዋስን ተቀባን፤ አንዱ ለቡጉሩ፣ ሁለተኛው ለማድያቱ፣ ሦስተኛው (ማን እንደ ሆነ አንናገርም) ለቀጠሮው። ቅባቲቱ ከሦስተኛው ፎቅ ወርዳ እስከ ሴቶቹ ሕንፃ ድረስ ደረሰች። ስታልቅም ሌላ ተገዛች።

ከአምስት ወር በኋላ ጓደኛችን ቅባቱን አንድ ቀን ከዘለለ ፊቱ በእሳት የተለበለበ የሚመስል ሆነ። በክፍል ውስጥ ከፊት ወንበር ወደ ኋላ፣ ከኋላም ወደ ጥግ ሸሸ። በመጨረሻም የመንፈቁን የቃል ፈተና ሳይቀርብ ቀረ። ምክንያቱን ስንጠይቀው «በዚህ ፊት ሰው ፊት አልቆምም» አለን። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ወስደነው የሰማነውንና ከዚያ በኋላ ያነበብነውን ነው እንግዲህ የምንጽፈው።

ሐኪሟ የነገሩን በሽታ ሮዛሺያ ይባላል። ስሙ ከላቲን የመጣ ሲሆን ጽጌረዳ የሚመስል ማለት ነው፤ ለእንዲህ ያለ ሥቃይ እጅግ ያማረ ስም ነው። በአማርኛ የራሱ ስም ስለሌለው እኛ ዘንድ አንዳንዱ ቡጉር፣ አንዳንዱ ምች፣ አንዳንዱም አለርጂ ይለዋል። በሽታው የሚይዘው የፊትን መካከል፣ ማለት ጉንጭን፣ አፍንጫን፣ ግንባርንና አገጭን ነው። መጀመሪያ ፊት በየምክንያቱ ይግልና ይቀላል፤ ቀስ በቀስ ቅላቱ መሄዱን ትቶ ይቀመጣል፤ ቀጫጭን የደም ሥሮች እንደ ክር ይታያሉ፤ ቀያይ እብጠቶችና መግል የቋጠሩ ፍንጣቂዎች ይወጣሉ። ከቡጉር የሚለየው በቆዳው ቀዳዳ ውስጥ የሚታዩት ጥቁር ነጥቦች ስለሌሉት ነው። በአንዳንድ ወንዶች ላይ ደግሞ ብዙ ዓመት ሲቆይ የአፍንጫን ቆዳ ያወፍረዋል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ከንጽሕና ጉድለትም አይመጣም። ከዘር የሚመጣ ዝንባሌ አለበት፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በመንትዮች ላይ የታተመ አንድ ጥናት የዘር ድርሻውን ግማሽ ያህል አድርጎ ገምቶታል። የቀረው የፀሐይና የኑሮ ነው። የቆዳው መከላከያና የደም ሥሮቹ ነርቮች ከመጠን በላይ ቁጡ ይሆናሉ፤ በሁላችንም ፊት ላይ የምትኖረው፣ ርዝመቷ ከግማሽ ሚሊ ሜትር የማይበልጠው ዴሞዴክስ የምትባል ተባይም በእነዚህ ሰዎች ቆዳ ላይ በብዛት ትገኛለች።

ስለ መጠጡ ሐሜት ግን አንድ ነገር ሳንል አናልፍም፤ ሥነ ጽሑፍ የምንማር ሰዎች ስለ ሆንን ሐሜቱ የቆየ መሆኑን እናውቃለን። በ14ኛው መቶ ዘመን ጊ ደ ሾልያክ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም ይህን የፊት ቅላት መዝግቦት ነበር። በዚያው መቶ ዘመን ቾሰር በካንተርበሪ ተረቶቹ ውስጥ ፊቱ የቀላና በፍንጣቂ የተሞላ አንድ መጥሪያ አድራሽ ፈጥሮ ድኝም ባዜቃም ሊያድኑት እንዳልቻሉ ጻፈ፤ ሰውየውንም ሰካራምና ሴሰኛ አደረገው። ሼክስፒርም የባርዶልፍን ቀይ አፍንጫ መሳቂያ አድርጎታል። ከሁሉ የተሻለ ደግነት ያሳየው ሠዓሊው ጊርላንዳዮ ይመስለናል፤ እ.ኤ.አ. በ1490 ገደማ የሣለውና ዛሬ በፓሪስ በሉቭር ሙዚየም የሚገኘው ሥዕል አፍንጫው ያበጠ አንድ ሽማግሌ ልጅ አቅፎ ያሳያል፤ ልጁም ሳይጸየፍ ቀና ብሎ ፊቱን ያየዋል። አልኮል በሽታው ያለበትን ሰው ፊት ሊያግል ይችላል፤ ነገር ግን ጠጥቶ የማያውቅ ሰውም ይታመማል። «አረቄው» የሚለውን ስም ያወጣችሁ ጓዶች እንድትመልሱት እንጠይቃለን።

አሁን ወደ ጠይም ፊት እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2018 ከብዙ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ ሥራ ከአዋቂዎች መካከል ከመቶ 5 የሚበልጡት ይህ በሽታ እንዳለባቸው ገምቷል። የሕክምና መጻሕፍት ሥዕሎች ግን አብዛኛውን ጊዜ የነጭ ሰው ፊት ስለሆኑ «ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚል እምነት አለ። እውነቱ ግን ጥቁር ቆዳ ቅላቱን ይሸፍነዋል እንጂ በሽታውን አይከለክለውም። በእኛ ፊት ላይ ቅላቱ ቡናማ ወይም ወይን ጠጅ መስሎ ይታያል፤ አንዳንዴም ምንም አይታይም። ስለዚህ ሐኪሟ ከዓይናቸው ይልቅ የጓደኛችንን ንግግር አመኑ። «ያቃጥልሃል? ይወጋሃል? ሳሙና ሲነካህ ይቆጠቁጥሃል?» እያሉ ጠየቁት። ቀጥለው ጥርት ያለ ብርጭቆ ጉንጩ ላይ ጫን አደረጉና ቀለሙ ሲሸሽ አሳዩን። ሁለት ዓመት ሙሉ «እሳት ይሆናል» ሲለን ቆይቶ ያላመንነው እኛ በዚያች ደቂቃ መሬት ብትውጠን ደስ ባለን ነበር።

ከዚያ ሐኪሟ ቅባቲቱን አምጡ አሉ። ገልብጠው ጽሑፏን አነበቡና ሳቅም ቁጣም ባልሆነ ድምፅ «ክሎቤታሶል» አሉ።

ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታዞን፣ ሞሜታዞንና የመሳሰሉት ስቴሮይድ የሚባሉ መድኃኒቶች ናቸው። ቅባቱ የቆዳ ሕክምናን የለወጠ ታላቅ ግኝት መሆኑን ማንም አይክድም፤ እ.ኤ.አ. በ1952 ሃይድሮኮርቲዞን በቅባት መልክ ለቆዳ እንደሚጠቅም ሲታወቅ በችፌ ሲሠቃዩ የኖሩ ሰዎች እፎይ ብለዋል። ከእርሱ በኋላ የተሠሩት ግን እጅግ የበረቱ ናቸው፤ ክሎቤታሶል ከብርቱዎቹም ብርቱ ነው፤ ለወፍራም ቆዳና ለጥቂት ሳምንት ይታዘዛል እንጂ ለፊት አይደለም። እንግሊዛዊው የቆዳ ሐኪም ስኔደን ብርቱ ስቴሮይድ ሮዛሺያን እንደሚያባብስ እ.ኤ.አ. በ1969 ጽፎ አስጠነቀቀ። አሜሪካዊው ክሊግማንና ባልደረቦቹም እ.ኤ.አ. በ1974 ከቅባቱ የሚመጣውን ሕመም «የስቴሮይድ ሮዛሺያ» ብለው ጻፉበት። ዕውቀቱ ከወላጆቻችን ዕድሜ ጋር የሚመጣጠን ሆኖ ሳለ እኛ ዘንድ ሳይደርስ መቅረቱ ያሳዝናል።

ወጥመዱ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ተገቢ ነው፤ ማንም ሰው ሞኝ ስለ ሆነ አይያዝበትምና። ስቴሮይድ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያደርጋል። የደም ሥሮችን ያጠብባል፤ የቆዳውንም ቁጣ ጸጥ ያሰኛል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ቅላቱም እብጠቱም ይጠፋል፤ ማድያት ያለበትም ሰው ፊቱ የጠራ ይመስለዋል። በሳምንታትና በወራት ውስጥ ግን ቆዳው ይሳሳል። ታጥበው የቆዩት ሥሮች ቅባቱ በጠፋ ሰዓት ከቀድሞው ይልቅ ይለጠጣሉ። የቆዳው መከላከያ በመዳከሙ ተባዮቹ ይራባሉ። ባለቤቱ አንድ ቀን ሲያቋርጥ ፊቱ ይነድዳል፤ «ሕመሙ ተመለሰ» ብሎ እንደገና ይቀባል፤ እንደገናም ያስታግሠዋል። ሕመሙን የሚያመጣውም የሚያስታግሠውም ያው ቅባት ስለ ሆነ ተጠቃሚው እንዴት ይጠርጥረው? ጨርሶ ሮዛሺያ ያልነበረበት ሰው እንኳ፣ ማለትም ያ የቀጠሮው ጓደኛችን፣ በዚህ መንገድ በገዛ እጁ ያገኘዋል። በዓይን አጠገብ ሲቀባ ደግሞ በጊዜ ብዛት የዓይንን ግፊት ከፍ ሊያደርግና ሞራ ሊያመጣ ይችላል።

በጥቅሉ ላይ የመድኃኒት ስም የተጻፈበትስ ቢያንስ ይነበባል። ከዚህ የሚከፋው ፊት ማቅያ ተብሎ በብልቃጥ ተቀላቅሎ የሚሸጠው ነው፤ ውስጡ ምን እንዳለበት የሚያውቀው ቀላቃዩ ብቻ ነውና። በሦስት ቀን ፊት የሚያጠራ ቅባት ያጋጠመው ሰው ከመደሰቱ በፊት ይጠርጥር።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ቅባቱን ማቆም የመጀመሪያው ነገር ነው፤ ዋጋ እንደሚያስከፍል ግን ሳይነገር መቅረት የለበትም። ባቆሙ በጥቂት ቀናት ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ፊት ከቀድሞው የባሰ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ያቃጥላል። ይህ ለሳምንታት፣ በአንዳንዱም ላይ ለወራት ይቆያል። ለብዙ ወር የተቀባ ሰው ሐኪም ሳያማክር ብቻውን ባይጋፈጠው ይሻላል፤ ሐኪሙ ለጥቂት ጊዜ ወደ ደከመ ቅባት ሊያወርደው ወይም ስቴሮይድ ያልሆነ ማስታገሻና የሚዋጥ መድኃኒት ሊሰጠው ይችላል። ጓደኛችን ሁለተኛውን ሳምንት ያሳለፈው በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ ፊቱ ላይ አድርጎ፣ እኛ ማስታወሻ እያነበብንለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ፀሐይ ነው። መርሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ቆዳን የሚጎዳው ጨረር በ10 ከመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ደጋው ስለ ቀዘቀዘ ፀሐዩ የዋህ ነው ማለት አይደለም። ከጨረር የሚከላከል ቅባት የሚገዛ ገንዘብ ያለው ዚንክ ኦክሳይድ ያለበትን፣ መለኪያው 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን ይምረጥ፤ ቁጡ ቆዳን ብዙም አይቆጠቁጥም። ገንዘብ የሌለው ደግሞ የወሎ እናቶችን ይምሰል፤ ጃንጥላቸውን ሳይዙ ገበያ አይወጡም። ወንዶች ጃንጥላ መያዝ የሚያሳፍረን ከሆነ ባርኔጣው ጠርዙ ሰፊ ይሁን።

ሎሚን በተመለከተ አጥብቀን እንናገራለን። የእኛ ሎሚ ጭማቂ በቆዳ ላይ ሳለ ፀሐይ ሲመታው ቆዳውን በእውነት የሚያቃጥል ንጥረ ነገር አለበት፤ ጠባሳውም ለወራት ጠቁሮ ይቀራል። ለሰላጣና ለሻይ ይቆይልን። ዳማከሴውንም ቢሆን፣ የእናቶቻችንን እጅ ሳንንቅ፣ በተቆጣ ፊት ላይ ባናሸው ይሻላል። የልብስ ሳሙና፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሽቶና አልኮል ያለበት ማጽጃ ሁሉ ይቅር። ለብ ባለ ውሃና ሽታ በሌለው ለስላሳ ሳሙና ታጥቦ፣ ሳይፈትጉ አድርቆ፣ ተራ ቫዝሊን ወይም ሽታ የሌለው ማለስለሻ መቀባት ይበቃል።

ስለ ቡና ሲነሣ ጓደኛችን ከሕመሙ ይልቅ የደነገጠው «ቡና ተው» እንዳይባል ነበር። ደስ የሚል ወሬ አለን። እ.ኤ.አ. በ1981 ዊልኪን የተባለ ሐኪም ሕመምተኞቹን 60 ዲግሪ የሞቀ ቡና ሲያጠጣቸው ፊታቸው ቀላ፤ 60 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ብቻ ሲያጠጣቸውም እንደዚያው ቀላ፤ የበረደ ቡና ግን አላቀላቸውም። ጥፋቱ የሙቀቱ እንጂ የቡናው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ ከ82 ሺህ በላይ አሜሪካውያት ነርሶችን የተከታተለ ጥናትም ቡና አብዝተው የሚጠጡት በዚህ በሽታ የመያዛቸው ዕድል ዝቅ ያለ ሆኖ አግኝቷል። ስለዚህ አቦሉን፣ ቶናውንና በረካውን አብርዶ መጠጣት ነው፤ ቀዝቃዛ ቡና ስድብ ነው የሚሉ እናት ግን መርሳ ላይ አሉና ማስረዳቱን ለልጃቸው ትተንለታል። በርበሬና ሚጥሚጣ የአንዳንዱን ፊት ያነድዳሉ፣ የአንዳንዱን አይነኩም። ማን በምን እንደሚነሣበት የሚያውቀው ራሱ ነውና ለአንድ ወር የበላውን፣ የዋለበትንና ፊቱ የጋለበትን ሰዓት በደብተር ቢጽፍ ከማንም ምክር ይበልጥ ይጠቅመዋል። የጓደኛችን ደብተር ያወጣው ያልጠበቅነውን ነው፤ ከፀሐይ ቀጥሎ ፊቱን የሚያነሣሣው የፈተና ጭንቀት ነበር።

ምጣድ ፊት የሚውሉ ሰዎችም አሉ። የጓደኛችንን ደብተር ካየን በኋላ ስለ እናቱ ጠየቅነው። እርሳቸውም እንጀራ በጋገሩ ቀን ሁሉ ጉንጫቸው ሲነድ ያድራል፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የጭስ ነው ብለው ለማንም አልተናገሩም።

መድኃኒቱ ብዙ ነው። ለእብጠቱ 0.75 ከመቶ የሆነ የሜትሮኒዳዞል ጄል፣ 15 ከመቶ የሆነ አዜላይክ አሲድ፣ ወይም 1 ከመቶ የሆነ የአይቨርሜክቲን ቅባት ይታዘዛል። ሜትሮኒዳዞልን ሁላችንም በአሜባ ምክንያት እናውቀዋለን፤ አይቨርሜክቲንም በምዕራብ ኢትዮጵያ ዓይንን የሚያጠፋውን የኦንኮሰርኪያሲስ በሽታ ለመከላከል የሚታደለው ነው፤ ያገኙት ኦሙራና ካምቤል እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል ተሸልመውበታል። ነገር ግን የአሜባውን ክኒን ፈጭቶ ፊት ላይ መለጠፍ መድኃኒት አይደለም፤ ሞክሮት ያየ ስላለ ነው የምንጽፈው። እብጠቱ ለበዛበት ሰው ዶክሲሳይክሊን ይሰጣል፤ በብዙ ውሃ፣ ወዲያው ሳይተኙ፣ ከወተት ጋር ሳይቀላቀል ይዋጣል። ቆዳን ለፀሐይ ስለሚያጋልጥ ባርኔጣው አይረሳ። ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት አይሆንም። በባዶ ሆድ ስለሚያቅለሸልሽ በዐቢይ ጾምም በረመዳንም የሚጾም ሰው ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ያስተካክል። ማናቸውም ቢሆኑ በአምስት ቀን ተአምር አያሳዩም፤ ስምንት፣ አሥር፣ አሥራ ሁለት ሳምንት ይፈልጋሉ። በክር መልክ የሚታዩት የደም ሥሮች ደግሞ በቅባት አይጠፉም፤ የሚያጠፋቸው ጨረር ነው፤ ለተማሪ ኪስ ግን ሩቅ ነው።

ፊት ላይ የወጣ ሁሉ ሮዛሺያ እንዳይመስላችሁ ደግሞ እናሳስባለን። በወሎ ደጋማ ስፍራዎች ቁንጭር አለ፤ በኩታበር አካባቢ ከብዙ ዓመት በፊት የተጠና በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ ነው። አፍንጫ ወይም ጉንጭ ላይ አንዲት የማታም እብጠት ወጥታ ለወራት ቀስ እያለች ካደገችና ቅርፊት ከያዘች ምርመራ ያስፈልጋታል። የደነዘዘ፣ መርፌ ሲነካው የማይሰማው ቆዳም የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ይችላልና ጊዜ አይሰጠውም፤ በጊዜ ከተያዘ ይድናል። ከቅላቱ ጋር መገጣጠሚያ የሚያመውና የሚያተኩሰው ሰውም እንዲሁ ይመርመር። ሮዛሺያው ራሱ ዓይን ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ዓይን አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል፣ የሽፋሽፍቱ ሥር ይቀላል። በክልላችን ትራኮማ የበዛ ስለ ሆነ ሁሉም በዚያ ይመካኛል፤ የዓይን ብሌን የሚጎዳ ስለ ሆነ ግን መለየት አለበት።

ከመርሳ አቅጣጫ ለሚመጣ ሰው በቅርብ ያለውና በቆዳ ሕክምና ስሙ የታወቀው ከደሴ አጠገብ የሚገኘው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምና የተቋቋመውና ዛሬ የቆዳ ሕክምና ትልቅ ማዕከል የሆነው አለርት አለ። ስትሄዱ የተቀባችሁትን ሁሉ ባዶ ማሸጊያውን ሳይቀር ይዛችሁ ሂዱ፤ ፊታችሁ በነደደበት ሰዓትም በስልክ ፎቶ አንሡ፤ ወረፋው እስኪደርስ ይበርዳልና።

ጓደኛችን አሁን አራተኛ ወሩ ነው። ፊቱ ጨርሶ አልጠራም፤ ሐኪሟም ይህ ሕመም የሚያዝ እንጂ የሚነቀል አይደለም ብለው ነግረውታል። የቃል ፈተናውን ግን በዕድል ተሰጥቶት ቆሞ ተፈትኗል፤ ከፊት ከሁለተኛው ረድፍ ላይም ይቀመጣል። የቀጠሮው ጓዳችን አሁንም ያቃጥለዋል፤ ቀጠሮውም አልሰመረም።

የመጀመሪያዋ ቅባት አልቃ ተጥላለች። ሁለተኛዋ ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው ከፋሲካ በፊት በሴቶቹ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ነጭ ናት፤ ክዳኗ ተሰንጥቋል፤ ጐኗ ላይ በሰማያዊ ብዕር የአንዳችን ስም የመጀመሪያ ፊደል ተጽፎባታል። በእጇ ያለች እህታችን ከጥቂት ቀን በላይ ካልተቀባች ዛሬውኑ ትጣላት፤ ለወራት ከተቀባች ግን ከመጣሏ በፊት ቅባቲቱን ይዛ የግቢውን ክሊኒክ ታነጋግር። የሐኪሟን ምክር የጻፍንበትን ወረቀት ማንበብ የሚፈልግ ሰው ማታ ማታ ክፍላችን ይምጣ፤ በሩ አይቆለፍም።